የመብራት ደረሰኝ ጀርባ

የመብራት ደረሰኝ ጀርባው ባዶ ነበር፤
በመሀሉ አሰመርኩ የሁለት አገር ድንበር።
በግራው «ሶደሬ»፣ በቀኙ «ሳነቴ»፣
ከበላይ ደግሞ ጻፍኩ «ሦስት ቀን ዕረፍቴ»።
እቁቡ ወጥቶልኝ፣ ባጃጁም ተጠግኖ፣
ጥምቀትም አልፎልን፣ መንገዱ ደርቆ ሆኖ።
ካገባን ዘጠኝ ዓመት፤ ከአዳማ ወጥተን
የምናውቀው ለቀብር፣ ወይ ለሠርግ ተጠርተን።

ሌንሴ «ሶደሬ» አለች፣ ወገቧን ደግፋ፤
ስምንት ሰዓት ትቆማለች ከክር ማሽን ፊት ተሰልፋ።
«ፍል ውሃው ይንካኝና አጥንቴ ይፍታታ፣
ከዚያ ወዲያ ሞት ይምጣ!» ትላለች በጨዋታ።

ሲፈን ግን ሰባቷ ነው። ጎረቤት ሳሎን ገብታ
አየች በቴሌቪዥን፦ እንጨት የተጫማ ጌታ
ከነጭ ተራራ ላይ ቁልቁል ሲንሸራተት።
ይወድቃል፣ ይስቃል፤ እሱ ምን አለበት!

«አባ፣ በረዶ ውሰደኝ።»
                    «የትኛው በረዶ?»
ቋንቋችን ቆጣቢ ነው፤ ለሦስቱም አንድ ስም ፈርዶ፦
ሐምሌ ላይ ቆርቆሮ የሚደበድበውም፣
ከሱቅ ፍሪጅ ወጥቶ ብርጭቆ ውስጥ የሚሟሟውም፣
ያ እንደ ጥጥ ተነጥፎ ሰው የሚጋልበውም፣
በረዶ ነው፤ አለቀ።
የሷ የትኛው እንደሆነ፣
እጇን በጉልበቴ ላይ ስታንሸራትት ታወቀ።

የአይሱዙው ሹፌር ሸምሱ ነው ነገሩን ያመጣ፦
«ባሌ፣ ሳነቴ ላይ፣ ገና ፀሐይ ሳትወጣ፣
ምድሩ ነጭ ይሆናል። በዐይኔ በብረቱ!
መስታወት የፋቅኩት በመታወቂያዬ ነው፣ በሌሊቱ።»
የሸምሱ ወሬ እንኳ ሲጓዝ ይረዝማል፤
አዋሽ ላይ ዓሣ ነባሪ አይቻለሁ ብሎ ይምላል።

ቆጠርኩ። ሶደሬ ቅርብ ነው፤ በባጃጅ ያስኬዳል፣
መግቢያው ግን ለሦስት ሰው፣ ምሳ ሲደመር፣ ይከብዳል።
ሳነቴ ሩቅ ነው፦ ሁለት አውቶቡስ፣ ካልሲ፣ ጓንት፣ አልጋ፤
ይሄ ሁሉ ወጥቶበት፣ በረዶው ቢቀርስ ሲነጋ?
ደግሞስ አዳማ ተወልዶ ሹራብ ያለው ማነው?
የኛ ቤት ቆርቆሮ ቀትር ላይ እሳት ነው።
ሰረዝኩ፣ መልሼ ጻፍኩ፤ ሦስት ሌሊት በዚህ ነጋ።

በአራተኛው ማታ፣ ሲፈን መጣችና
«አባ፣» አለች፣ «በረዶው ይሞቃል አይደል?» ቀና
ብላ እያየችኝ። ምን ልበል? «አይ ዓለም!
አጥንት ይሰነጥቃል፤ እንደሱ ብርድ የለም።»
ዝም ብላ እናቷን አየች፤ ሌንሴ ግድግዳ ይዛ
ከበርጩማ ስትነሣ፣ እንደ አሮጊት ደንዝዛ።
«እንግዲያ ለእማዬ አይሆንም» አለች፤ በቃ።
ስክሪብቶዬን ቀምታ፣ ደረሰኙ ላይ ወድቃ
በግራው በኩል ሣለች፦ ትልቅ ሴት፣ ውሃ፣ እንፋሎት፤
እግሯ ላይ ሁለት እንጨት፣ አፏን ሳቅ ሞልቶት።

ሄድን። ባጃጅ ሲያቃስት፣ አቧራ ስንጠጣ፤
ገና ሳንቀመጥ ዳቧችንን ቀማን ጦጣ።
ሌንሴ እስከ አንገቷ ገባች፤ ቃል አልተነፈሰችም።
ዘጠኝ ዓመት ሳውቃት እንዲህ ዝም አላለችም።
እኔ ዳሩ ላይ ሆኜ፣ ሱሪዬን ሰብስቤ፣
እግሬን ብቻ ነክሬ፣ የቀረውን ብር ቆጠርኩ በልቤ።
ሲፈን ከገንዳው አፋፍ፣ በረጠበው ሲሚንቶ
በቂጧ ትንሸራተታለች፣ ቀሚሷ ጭቃ ጠጥቶ።
ወደቀች። ሳቀች። ተነሣች። ደግማ ወጣች።
«አባ፣ እየኝ! እንደ ሰውዬው!» ብላ ተጣራች።

ደረሰኙን አልጣልኩትም፤ ባጃጁ መስታወት ሥር አለ።
ግራው አልቋል። ቀኙ ግን ሳይሰረዝ እንዳለ።
በቀደም ከሰልባጅ ተራ ቀይ ሹራብ ይዤ ስመጣ፣
ሌንሴ ለሲፈን ለካችው፤ እጇ ከእጅጌው አልወጣ።
«በዚህ ሙቀት? ደግሞስ ልጅቱ ትጠፋበታለች!»
«የአሥር ዓመቷ ነው» አልኩ።
ዝም ብላ፣ አጣጥፋ፣ ከሣጥኑ ግርጌ አኖረች።